በኮንትራ ተሸፍነው የቀሩት የናትሱሜ ጌሞች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ቤታችን በካሴት የሚሠራ ቲቪ ጌም አለ። ካሴቱ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፏል፤ ሲከፈት ግን የሚመላለሰው ያው ማሪዮና ያው ታንክ ነው። ወንድሜና እኔ ኮንትራን ጨርሰን ጨርሰን ሰለቸን። በሱ ልክ የሚያዝናና፣ ሰው ብዙም የማያውቀው ጌም ካለ ጀባ በሉን። (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ አለ። ናትሱሜ የሚለውን ስም ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓን ውስጥ የተቋቋመ ጌም ሠሪ ነው። ስሙ እዚህ ያልተሰማበት አንዱ ምክንያት፣ ብዙዎቹ ሥራዎቹ የወጡት በሌሎች ስም መሆኑ ነው። «ሻተርሃንድ»ን በ1991 ያወጣው ጃሌኮ የተባለ ኩባንያ ነው፤ በዚያው ዓመት «ፓወር ብሌድ»ን ያወጣው ደግሞ ታይቶ። ሽፋኑን ያየ ሰው ሁለቱ ከአንድ እጅ እንደወጡ አይጠረጥርም።

የእናንተ ካሴት ለምን እንደሚደጋግም ደግሞ ቀላል ነው። ርካሾቹ ባለብዙ ጌም ካሴቶች የሚሞሉት በትንንሾቹ ጌሞች ነው፤ እነዚያ ቢበዛ 40 ኪሎባይት ናቸው። ዝርዝሩ እንዲረዝም ያንኑ ጌም ከሁለተኛው ወይም ከአምስተኛው ደረጃ እያስጀመሩ በሌላ ቁጥር ይደግሙታል። የናትሱሜ ጌሞች ግን እያንዳንዳቸው 256 ኪሎባይት ገደማ ሲሆኑ፣ ማህደረ ትውስታውን የሚያቀያይር ተጨማሪ ቺፕ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በ«9999999» ውስጥ አትፈልጓቸው። ለብቻው የተሠራ ካሴት ወይም አራት አምስት ጌም ብቻ የያዘ ካሴት ጠይቁ።

ለሁለት ሰው የሚሆኑት «ሻዶው ኦፍ ዘ ኒንጃ» እና «ስካት» ናቸው። በመጀመሪያው ጀምሩ። ሁለት ኒንጃዎች አሉ፤ ሰይፍ ወይም ባለሰንሰለት ማጭድ ይይዛሉ፣ ሰንሰለቱ ከሰይፉ ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። የጌሙ ልዩ ነገር መንጠልጠሉ ነው፦ ከመድረኩ ሥር ሆናችሁ ስትዘሉ ኒንጃው ጣራውን ይይዛል፣ እንደተንጠለጠለም ይሄዳል። ከኮንትራ የመጣ ተጫዋች ይህን ሳያውቅ በመሬት ብቻ እየሮጠ ሕይወቱ ያልቅበታል። «ስካት» ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች በዙሪያችሁ ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ቁልፍ ይተኩሳል፣ ሌላው መሣሪያዎቹን ባሉበት ቦታ ያቆማቸዋል። አንዳችሁ ከላይ፣ ሌላችሁ ከታች አቁሟቸውና ተከፋፈሉ።

«ፓወር ብሌድ» የአንድ ሰው ነው። መሣሪያው ቡሜራንግ፣ ማለትም ተወርውሮ የሚመለስ ስለት፣ ሲሆን በስምንት አቅጣጫ ይወረወራል። በእያንዳንዱ ደረጃ ውስጥ የተደበቀ ወኪል አለ፤ እሱን አግኝቶ መታወቂያ ካርድ ያልተቀበለ ሰው የቦሱ (በደረጃው መጨረሻ የሚጠብቀው ዋና ጠላት) በር አይከፈትለትም። ሰዓትም ስለሚቆጥር ዝም ብሎ ወደ ቀኝ መሮጥ አያዋጣም። ሙዚቃውን የደረሰችው የመጀመሪያውን «ካስልቫኒያ» የተባለ ጌም ሙዚቃ ከደረሱት አንዷ የሆነችው ኪኑዮ ያማሺታ ናት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጫወት ይገባዋል።

ደሴ ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ በተለጣፊው አትመኑ። ሻጩ ሰክቶ ያሳያችሁ፤ ርዕሱን ብቻ አይታችሁም አትክፈሉ፣ አንደኛውን ደረጃ አልፋችሁ ሁለተኛው ሲከፈት እዩ። አንዳንዱ ቅጂ የሚደርቀው (ቆሞ የሚቀረው) እዚያ ላይ ነው። ስሞቹም ይለያያሉ፦ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኒንጃ» በአውሮፓ «ብሉ ሻዶው»፣ በጃፓን «ካጌ» ነው። «ስካት» በጃፓን «ፋይናል ሚሽን»፣ በአውሮፓ «አክሽን ኢን ኒው ዮርክ» ይባላል። «ሶልብሬን» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ የ«ሻተርሃንድ» ጃፓንኛ ወንድም ነው፤ አትለፉት።

ጥያቄ፦ ሻተርሃንድ አግኝቻለሁ። እነዚያ አልፋና ቤታ ፊደሎች ምን ያደርጋሉ? አንዳንዴ ሮቦት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሌላ ዓይነት ይሆናል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሦስት ፊደል ሲሞላ አንድ ረዳት ሮቦት ይመጣል። ፊደሎቹ ሁለት፣ ቦታዎቹ ሦስት ስለሆኑ ስምንት ዓይነት ጥምረት፣ ስምንት ዓይነት ሮቦት አለ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፦ አልፋ፣ አልፋ፣ ቤታ ማለት ቤታ፣ አልፋ፣ አልፋ ማለት አይደለም። ባለ ስምንት መስመር ወረቀት አዘጋጅተው የመጣውን ሮቦት ከጥምረቱ ጎን ይጻፉ። ትልቁ ምስጢር ግን ሌላ ነው፤ ሮቦቱ በሕይወት እያለ ያንኑ ጥምረት በድጋሚ ካሟሉ የሚጫወቱበት ሰውና ሮቦቱ ይዋሐዳሉ፣ ለጊዜውም እጅግ ይበረታሉ። ስለዚህ የመጣውን ፊደል ሁሉ አይልቀሙ፤ የማይፈልጉትን ይለፉት። በጌሙ ውስጥ የሰበሰቡትን ሳንቲምም ሕይወት በሚሞሉት መድረኮች ላይ ከቦስ በፊት እንዲያወጡት ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ደረጃ ካለቀ በኋላ ቀጣዮቹን አምስት በፈለጉት ተራ መጫወት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ካሴቱን ስሰካ አንዳንዴ ግራጫ ስክሪን ብቻ፣ አንዳንዴ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የተዘበራረቀ ይሆናል። እፍ እያልኩ እመልሰዋለሁ። (ከወልድያ)

መልስ፦ እፍ ማለቱን ይተዉት። የትንፋሽ እርጥበት የመዳብ ጥርሶቹን ያዝጋቸዋል፤ ለጊዜው የሚሠራልዎ ነቅለው እንደገና ስለሰኩት ነው። ምልክቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ድምፅ ኖሮ ምስሉ ከተዘበራረቀ፣ የቆሸሹት ከሥዕሉ ቺፕ ጋር የሚያገናኙት ጥርሶች ናቸው። ድምፅም ምስልም ከሌለ ፕሮግራሙ ጭራሽ አልተነበበም ማለት ነው።

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። የካሴቱን ጥርሶች፣ በአንድ ጎን 30 በሌላው 30፣ በነጭ ላጲስ ወደ ጫፉ አቅጣጫ አምስት ስድስት ጊዜ ይጥረጉ፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ ጥጥ በአልኮል አርሰው ጥጡ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ይጥረጉ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከፋርማሲ ያገኙት 70 በመቶ ከሆነ ውሃ ስላለበት ግማሽ ሰዓት ያድርቁት፤ በክረምት ጉም ከዚያም በላይ። ለማሽኑ መሰኪያ ቀጭን ካርቶን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በአልኮል ትንሽ አርጥበው አሥር ጊዜ ያስገቡና ያውጡ። በአሸዋ ወረቀት ግን በፍጹም አይሞርዱት፤ ስስ ልባጡ ከተነሣ በኋላ ዝገቱ አይቆምም።

ጸድቶም እምቢ ካለ ኤሌክትሪኩን ይመልከቱ። በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ 7805 የሚባል ባለሦስት እግር መቆጣጠሪያ አለ፤ ሲሠራ መውጫው ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መለካት አለበት። ለዚህ ደግሞ ከ7 ቮልት በላይ ግብዓት ይፈልጋል። የደከመ አዳፕተር ማሪዮን ሲያስነሳ ትልቁን ካሴት ሊያደርቀው ይችላል። ካሴቱ ውስጥ ያለው ጥቁር የሙጫ ጠብታ ከተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣ ኦሪጅናል (የኒንቴንዶ) ማሽን ተሰጠኝ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። (ከሐይቅ)

መልስ፦ ማሽኑ ኤንቲኤስሲ፣ ቴሌቪዥኑ ፓል ላይ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ የቴሌቪዥን ቀለም ሲስተሞች ናቸው። በቴሌቪዥኑ ሜኑ የቀለም ሲስተሙን «አውቶ» ወይም «ኤንቲኤስሲ» ያድርጉት። በጃፓኑ ማሽን አዳፕተር ግን ይጠንቀቁ፦ የሚሠራው በ100 ቮልት ስለሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ምትኩ 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፔር፣ የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ የሆነ ነው። የአሜሪካው ማሽን አዳፕተር ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ ያወጣል፤ እሱን ለጃፓኑም ሆነ ለርካሾቹ ማሽኖች አይስጧቸው።