ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ ይላል፣ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልህ። ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው፣ በልጅነቱ ታሞ ዓይኑን አጣ፣ በብሬል ነው የሚማረው። እሱ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ት/ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ "አንተ ይለፍህ" ብለው ውጭ ያስቀምጡታል፣ ቤት ደግሞ እናታችን "ልጄ በማይሆን ነገር አትድከም፣ ሕግ ተማር" ትለዋለች፣ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። እውነት ዓይነ ስውር ሆኖ ፕሮግራመር፣ ከዛም አልፎ ተመራማሪ የሆነ ሰው አለ? ስክሪኑን ሳያይስ እንዴት ይሠራል? በባዶ ተስፋ ላሞኘው አልፈልግም።

መልስ፦ አለ እህቴ፣ አንድም ሁለትም አይደለም። ሁለቱን ልንገርሽና ለእናታችሁም አንብቢላት።

የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ናት፣ ቺኤኮ አሳካዋ ትባላለች፣ በ1958 ኦሳካ ነው የተወለደችው (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው)። በ11 ዓመቷ ዋና ገንዳ ውስጥ ዓይኗን ከግድግዳው ጋር ተጋጨች፣ ብርሃኗ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ 14 ሲሞላት ጭራሽ ጠፋ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ኮምፒውተር አይደለም፣ እንደ እናታችሁ ያለ መካሪ ሳይኖራት አይቀርም እኔ በግምት ነው። ከዛ በኋላ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የሁለት ዓመት የፕሮግራሚንግ ኮርስ ወሰደች። ያኔ የሚያነብ ኮምፒውተር የት አለ፣ ኦፕታኮን የሚባል መሣሪያ ነበር፣ በአንድ እጅሽ ትንሽ ካሜራ ወረቀቱ ላይ እየጎተትሽ የሌላው እጅሽን ጣት 144 ጥቃቅን መርፌ የሚመስሉ ነገሮች ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ካሜራው ያየውን ፊደል መርፌዎቹ እየተንቀጠቀጡ ጣትሽ ላይ ይሥሉታል፣ አንድ ፊደል፣ ደግሞ አንድ ፊደል። ኮድ እንደዛ ተነቦ! እኔ የስልኬን ስክሪን አጥፍቼ በድምፅ ብቻ አንድ መልእክት ልመልስ ብዬ አሥር ደቂቃ አልቆየሁም።

በ1985 አይቢኤም የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ቶኪዮ የምርምር ክፍል ቋሚ ሠራተኛ ሆነች፣ መጀመሪያ የብሬል ጽሑፍ በኮምፒውተር እንዲዘጋጅ የሚያደርጉ ነገሮች ላይ ሠራች፣ ከዛ ኢንተርኔት መጣ። በ1997 "ሆም ፔጅ ሪደር" የሚባል ፕሮግራም አወጣች፣ ድረ ገጽን በድምፅ የሚያነብ። የገባኝና የወደድኩት ነገር ምን መሰለሽ፣ ተራውን ጽሑፍ በወንድ ድምፅ፣ ሊንኩን ደግሞ በሴት ድምፅ ነበር የሚያነበው፣ ስለዚህ ሰሚው የትኛው እንደሚከፈት ማንም ሳይነግረው በጆሮው ያውቀዋል። ማውዝ የለም፣ ኪቦርዱ በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች ነው የሚነዳው። ይሄ ዓይናማ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚመጣለት ሐሳብ አይመስለኝም። በኋላ በ2004 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች፣ በ2009 አይቢኤም ውስጥ ለቴክኒክ ሰው ትልቁን ማዕረግ ሰጧት፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ቶኪዮ ያለውን ሚራይካን የተባለውን ትልቅ የሳይንስ ሙዚየም የምትመራው እሷ ናት።

ሁለተኛው ለወንድምሽ ይበልጥ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም የሱ ነገር ሒሳብ ነው። ቲ ቪ ራማን ይባላል፣ ሕንዳዊ ነው፣ እሱም በግላኮማ ዓይኑን ሲያጣ 14 ዓመቱ ነበር። ሒሳብ ይለፍህ የሚለውን አልሰማም፣ እዛው ሕንድ ሒሳብ ተምሮ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ1994 የጨረሰው የዶክትሬት ሥራው ሒሳብን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ በዛው ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ከተጻፉት የዶክትሬት ሥራዎች ተመርጦ ተሸልሟል፣ በኋላም ጉግል ነው የገባው። አሁን ይሄን አስቢው፣ "ኤክስ ፓወር ኤን ሲደመር አንድ" ብዬ ባነብልሽ አንዱ ከኤን ጋር ላይ ነው ወይስ ከኤክስ ጋር ታች ያለው በምን ታውቂያለሽ? የራማን ፕሮግራም ከላይ የሚጻፈውን ቁጥር ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣ ከታች የሚጻፈውን ደግሞ ወፈር አድርጎ ያነበዋል፣ ከፍታና ዝቅታው በጆሮ ይገባል። ይሄ ሊሆን የቻለው ግን መጽሐፎቹ ላቴክ በሚባለው አጻጻፍ ስለተጻፉ ነው፣ እዛ ላይ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ በግልጽ ይጻፋል፣ የወረቀት ፎቶ ቢሆን ኖሮ ራማንም ምንም አያደርግም ነበር። ይሄን ነገር ያዢልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ዛሬ ወንድምሽ ኦፕታኮን አያስፈልገውም። ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) አለ፣ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል፣ የጀመሩት አውስትራሊያውያንም ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። ኮዱን መስመር በመስመር ያነብለታል፣ ኮድ ደግሞ ጽሑፍ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም። አማርኛም ያነባል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ ድምፁ የሮቦት ነው፣ ማጥበቅና ማላላት ላይም ይሳሳታል፣ ፊደላችን ጥብቁን ከላላው ስለማይለይ "ገና" ብለሽ ስትጽፊ በዓሉን ይሁን "ገና አልመጣም"ን ማሽኑ በምን ይወቅ፣ "በጉ ይበላል" ሲል በጉ ሣር በላ ወይስ በጉ ተበላ? እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንረዳለን፣ እሱ ገና ነው (ላላ አድርገሽ አንብቢው)። አንድ ሰው ተነስቶ ይሄን በደንብ ቢሠራው ራሱን የቻለ የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል፣ ወንድምሽ ለምን አይሆንም።

ብቻ ከሒሳብ ክፍል አይውጣ። ከት/ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፣ በተራ መምህር ካልሆነ በርዕሰ መምህሩ፣ ሒሳብ የሌለው ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ በር ላይ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ጎንደር ያለው አጎቴ ዓይኑን ካጣ 3 ዓመቱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ዓይነ ስውር እየመራ የሚሄድ ሻንጣ አየሁ፣ ገዝቼ ልላክለት?

መልስ፦ ወንድሜ ያየኸው የዛችው የአሳካዋ ሥራ ነው። ብዙ ትጓዛለች፣ ሻንጣዋን ከፊት ስትገፋ ግድግዳውን ቀድሞ የሚነካው፣ ደረጃውን ቀድሞ የሚያገኘው ሻንጣው መሆኑን አየች፣ ታዲያ ራሱ ለምን አይመራኝም አለች። ላይዳር (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) እና ካሜራ መሰናክሉን ያያሉ፣ ጎማው በሞተር ይሄዳል፣ እጀታው እየተንቀጠቀጠ በየት በኩል እንደምትታጠፍ ይነግርሃል። በ2025 ኦሳካ ኤክስፖ ላይ ጎብኚዎች ሞክረውታል። ግን ለጥ ያለ ወለል ይፈልጋል፣ የሚሄድበት ቦታም ካርታ አስቀድሞ መሠራት አለበት፣ ጎንደር ቁልቁለቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ ክዳን የሌለው ቱቦ... አጎትህ ሻንጣውን ሲሸከም ይውላል። ነጭ በትር ከሌለው መጀመሪያ እሱን፣ ካለው ደግሞ ጥሩ አንድሮይድ ስልክ ላክለት፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ስክሪን ሪደር፣ ቶክባክን አብራ፣ አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ጫን፣ ከመላክህ በፊት እዛው ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረው። የሚያሠለጥነው ሰውም ጎንደር ፈልግለት፣ ስልኩ ብቻውን ከደረሰ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ዓይነ ስውር ተማሪዬ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን የክፍል ኖት ስልኬ አያነበውም አለኝ፣ ሌላው ተማሪ ግን በደንብ ይከፍተዋል። ችግሩ የስልኩ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ በእኔ ግምት የስልኩ አይደለም፣ የኖቱ ነው። ላይ ስለ ራማን ያልኩትን ይመልከቱልኝ፣ በፎቶ የተነሳ ገጽ ለስክሪን ሪደር ሥዕል ነው። ሌላም አለ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ቁጥር የሚለዩበት ስምምነት ውስጥ) የገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል የአማርኛ ልብስ አልብሰው ነበር የሚያሳዩት፣ በዛ የተጻፈ ኖት ደግሞ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለማሽኑ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ፋይሉን ይክፈቱና አንድ መስመር በማውዝ ይምረጡ፣ አልመረጥ ካለ ፎቶ ነው፣ እንደገና መተየብ አለበት። ከተመረጠ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩት፣ አማርኛው ወጥቶ ካነበቡት ተማሪዎም ይሰማዋል፣ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከወጣ ግን ልጁ እስካሁን ሲሰማ የከረመው እሱን ነው።