ውኃ በሌለበት ቆላ ወርቅ ስለ መፈለግ፦ ከጅማ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂው ወንድማችን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ከጅማ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ ቆላ ለወርቅ ፍለጋ ለመውረድ ማሰቡን ገልጾ ሦስት ነገር ጠይቋል። ወራጅ ውኃ በሌለበት ደረቅ መሬት ወርቅ ከአፈር እንዴት ይለያል? ያዋጡትን ገንዘብ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ቢገዙበት ያዋጣቸዋል ወይ? መቼ ቢሄዱስ ይሻላል? እኔም የምኖረው እዚሁ ጅማ ስለሆነና በዚያ ቆላ ለዓመታት እየተመላለስኩ ስለ ሠራሁ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍላችኋለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በደረቅ አገር ጉልበትንም ገንዘብንም የሚጨርሰው ያልተፈተነ መሬት መቆፈር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራችሁ ናሙና መውሰድ ብቻ ይሁን፤ ማሽኑም፣ ትልቁ ጉድጓድም፣ ተጨማሪ ሰው መቅጠሩም ናሙናው ከተናገረ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

ከጅማ በቦንጋና በሚዛን አድርገው ወደ ዲማ የወረዱ ሰዎች የሚነግሯችሁ አሠራር ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ በገበቴ ማጠብ ነው። ይህ ዕውቀት ለመጨረሻው እጥበት ይጠቅማችኋል፤ ሆኖም የሞያሌ ዙሪያ የዓመት ዝናብ ጅማ ከምታገኘው ግማሹን እንኳ በቅጡ ስለማይሞላና ወንዝ የሚባለውም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ አፈሩን ሁሉ በውኃ አጥባለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው በየቀኑ ከሚያገኘው ወርቅ ይልቅ ለውኃ ማመላለሻ የሚከፍለው ይበልጥበታል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያ በካልጉርሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ወርቅ ሲገኝ ቦታው ውኃ አልባ በረሃ ስለነበረ ፈላጊዎቹ አፈሩን ለነፋስ እየበተኑ ነበር የሚሠሩት፤ 530 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የውኃ ቧንቧ ተዘርግቶ ያለቀው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1903 ነው።

ወደ ናሙናው እንመለስ። ከአዶላ እስከ ሞያሌ የተዘረጋው የጥንት አለት ቀበቶ ወርቅ ያለበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የለገ ደንቢ ማዕድንም በዚሁ ቀበቶ በአዶላ በኩል ያለ ነው። ነገር ግን ቀበቶው ወርቅ አለው ማለት እናንተ የቆማችሁበት ሸለቆ ወርቅ አለው ማለት አይደለም። ስትወርዱ ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ፈልጉ፤ ነጭ መሆኑ ብቻ ምልክት ስለማይሆን ዝገት የመሰለ ቀይና ቡናማ ቀለም የገባበትንና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ለዩ። እንዲህ ያለውን ድንጋይ በተዳፋት ላይ ካገኛችሁ ከሥሩ ጀምራችሁ ቁልቁል እስከ ቦዩ ድረስ በመስመር እየቆረጣችሁ ናሙና ውሰዱ። ነፋስ ለብዙ ዘመን ደቃቁን አፈር ጠርጎ ከባዱን ጠጠር ስለሚያስቀር፣ በተዳፋቱ ላይ ያለው የላይኛው ጠጠር ራሱ መፈተን ይኖርበታል።

በደረቁ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ቦታ መምረጥ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ፣ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን፣ በአለቱ ስንጥቆች ውስጥና ጠባቡ ቦይ ወደ ሜዳ በሚከፈትበት ቦታ ፈትኑ። የበረሃ ጎርፍ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚወርድ ስለሆነ፣ ወርቁን እንደ ዘላቂ ወንዝ ቀስ በቀስ እስከ አለቱ አያወርደውም፤ በየጎርፉ በተለያየ ጥልቀት ጥሎት ያልፋል። በተለይ እንደ ኖራ የነጣ ጠጣር ንጣፍ ሲያጋጥማችሁ አለት ደረስን ብላችሁ አትተዉት፤ በላዩ ያረፈውን ስስ አፈር በመጥረጊያ ጠርጋችሁ ለብቻው ፈትኑ፣ ከዚያም ንጣፉን ሰብራችሁ የሥሩን ፈትኑ። ብዙ ሰው ይህን ንጣፍ እንደ አለት ቆጥሮ ጉድጓዱን ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

ከእያንዳንዱ ቦታ የምትወስዱት አፈር መጠኑ እኩል ይሁን፤ ለምሳሌ በ20 ሊትር ባልዲ ሁለት ሙሉ የተነፋ አፈር። መጠኑ ከተለያየ አንዱን ቦታ ከሌላው ማወዳደር አይቻልም። በከረጢቱ ላይ ቁጥር ጻፉበት፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ የወጣውን የወርቅ ፍንጣቂ ቁጥርና ቅርጽ በደብተር አስፍሩ። ቅርጹ ብዙ ይናገራል፤ ሻካራና ጠርዛማ ከሆነ ምንጩ ቅርብ ነው፣ ለስልሶ ከተጠፈጠፈ ግን ከሩቅ ተንከባሎ የመጣ ነው። በመጨረሻው እጥበት ብረት ያለበት ከባዱ ጥቁር አሸዋ በገበቴው ጠርዝ ቅስት ሠርቶ ሲቀር ከኋላው የሚታየውን ቢጫ ነገር በመርፌ ጫፍ ተጫኑት፤ ወርቅ ከሆነ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም፣ ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት የሚባል ማዕድን ይፈረካከሳል፣ ማይካ የሚባለው አብረቅራቂ ማዕድን ይላጣል። በጥላ ሥርም እዩት፤ ወርቅ ከፀሐይ ሲወጣ ቀለሙ አይለወጥም።

አሁን ወደ መለየቱ። ወርቅ ከውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው አሸዋ 2.65 እጥፍ፣ ጥቁሩ አሸዋ ደግሞ 5 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ አየር ብቻውን ከባዱን ከቀላሉ ሊለየው ይችላል፤ ገበሬ በአውድማ ጤፉን ከገለባው በነፋስ እንደሚለየው ማለት ነው። መጀመሪያ ትልልቁን ድንጋይ በወንፊት አስወግዱ፤ እዚህ ጅማ ለቡና ማድረቂያ አልጋ የሚሸጠው የሽቦ መረብ ለዚህ በጣም ይመቻል። ከዚያ ለሚከተለው ሥራ በየብየዳ ቤቱ ልታሠሩት የምትችሉት ቀላል መሣሪያ አለ፦ ጠባብ፣ ያዘነበለ ሣጥን፣ ወለሉ አየር የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ በአግድም የተመቱ ቀጫጭን ጣውላዎች፣ ከሥሩ ደግሞ በእጅ የሚነፋ ወናፍ። አፈሩ ከላይ በቀስታ ሲወርድ አየሩ ከሥር በየምቱ ያነሣዋል፤ ቀላሉ በጣውላዎቹ ላይ እየዘለለ ይወርዳል፣ ከባዱ ከጣውላዎቹ ጀርባ ተይዞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አፈሩ ፍጹም ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። በእፍኛችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘ ገና ነውና በሸራ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ ጓሉንም ሰባብሩት፣ በጭቃ የተለበጠ ወርቅ ከጓሉ ጋር ተንከባሎ ይወጣልና። መሣሪያው በጣም ደቃቁን ወርቅ ሁሉ አይዝም፤ ስለዚህ የተጣለውን አፈር አልፎ አልፎ በድጋሚ አሳልፋችሁ ምን እንዳመለጠ እዩ። አቧራው ግን ሳንባን የሚጎዳ የድንጋይ ዱቄት ስለሆነ ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ ዘወትር ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ።

ከብዙ ባልዲ አፈር በመጨረሻ የሚቀራችሁ ጥቂት እፍኝ ነው፤ ውኃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ብቻ ነው። በግማሽ በርሜል ውስጥ ያለ ያንኑ ውኃ እያጠለላችሁ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት፤ ደቃቁ ወርቅ እንዳይንሳፈፍ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ጥቁሩን አሸዋ ካደረቃችሁ በኋላ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ማግኔት አንሡት። ወርቁን ለመያዝ ባዜቃ (ሜርኩሪ) እንድትጠቀሙ የሚመክራችሁ ሰው ይኖራል፤ እባካችሁ አትስሙት። ሲሞቅ የሚወጣው ትነት ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ የሚጎዳውም አቃጣዩን ብቻ ሳይሆን በድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው።

ስለ ማሽኑ ያለኝ መልስ አሁን አትግዙ የሚል ነው። 1 ግራም ወርቅ ቢጠቃለል ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ኪዩብ ይሆናል። ማሽኑ ያንን ቁራጭ በጥሩ ሁኔታ ይሰማዋል፤ ያው 1 ግራም ዱቄት ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ሲበተን ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልፈዋል። ናሙናችሁ ቁራጭ ወርቅ ካሳየ ያን ጊዜ ማሽን ትርጉም ይኖረዋል፤ ዱቄት ብቻ ካሳየ ገንዘቡ ለሣጥኑና ለውኃ ቢውል ይሻላል። የምትገዙ ከሆነም ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ርካሾቹን ማሽኖች ስለሚያወናብዳቸው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት) ቁራጭ እንዲህ ባለ አፈር ቅበሩና ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚሰማው ራሳችሁ ፈትኑት።

ስለ ደኅንነት የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። በአሸዋማ መሬት ከደረታችሁ የሚያልፍ ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ ግድግዳውን አስፍታችሁ አዘንብሉት፣ ወደ ጎን ሰርስራችሁ ፈጽሞ አትግቡ፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በናዳ ነው። በደረቅ ወንዝ ውስጥም አትደሩ፤ እናንተ ባላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ በላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ውኃው ደግሞ የሰው ነው። በቦረና የጥልቅ ጉድጓዶቹን ተራ የሚያስከብር፣ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ለከብቱ ተራ ወጥቶለት የሚቀዳውን ውኃ ለወርቅ ማጠቢያ መጠየቅ ነውር ነውና የራሳችሁን በበርሜል አስመጡ፣ ገና ስትደርሱም ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳችሁ ምን ልትሠሩ እንደ መጣችሁ ንገሯቸው። ለከብት አደገኛ ስለሆነ እያንዳንዱን የናሙና ጉድጓድ ሞልታችሁ ተነሡ። የባህላዊ ማዕድን ማምረቻ ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ስለሆነ ቁፋሮ ሳትጀምሩ ተደራጅታችሁ አውጡ፤ የምታገኙትንም ለብሔራዊ ባንክ ወይም ፈቃድ ላለው ገዢ ሽጡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይዘንባል። ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ አፈሩ ለነፋስ ሥራ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ የኅዳሩ ጎርፍ የጠረገውም የወንዝ ወለል ገና ትኩስ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያውን ከዚያ በፊት እዚሁ ጅማ አሠሩና በደረቅ አሸዋ ውስጥ ጥቂት የተቀጠቀጡ የእርሳስ ፍንካቾችን ቆጥራችሁ ጨምራችሁ ስንቱን እንደሚመልስ ፈትኑት፤ የወናፉን ምትና የሣጥኑን ዝንባሌ የምታስተካክሉትም በዚሁ ሙከራ ነው።