ሲልቨር ካርፕ ለምን መንጠቆ አይነካም?

አሜሪካ ኢሊኖይ ስቴት ውስጥ በትልና በበቆሎ አጥምደህ ምንም እንዳልያዝክ ጠይቀኸኛል። ችግሩ ትሉ ወይም በቆሎው አይደለም። ኢሊኖይ ወንዝ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገብህ እየዘለለ መንጠቆህን ያልነካው አሳ ሲልቨር ካርፕ ነው። የሚበላው ውሃውን በስንጥቡ አጣርቶ የሚያገኘውን አልጌና በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ትል አያሳድድም።

ስለዚህ ፍላጻው በክር የታሰረ ቀስት ያዝ። እዚያ ያሉት ሰዎች ቦውፊሺንግ ይሉታል።

1. መጀመሪያ የኢሊኖይን የአሳ ማጥመጃ ፈቃድ አውጣ፤ ደንቡንም አንብብ።
2. ጀልባውን ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቀስ አድርገህ ንዳ። የሞተሩ ድምፅ ያስዘልላቸዋል።
3. ውሃ ውስጥ ያለ አሳ ካለበት ከፍ ብሎ ነው የሚታይህ። ከምታየው ዝቅ አድርገህ አነጣጥር።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሞተሩ እየሠራ ፊትህን ሳትሸፍን እንዳትቆም። እኔን አንዱ አሳ ዘሎ አገጬን መትቶኝ ጀልባው ወለል ላይ ተዘርሬያለሁ። ለሳምንት እንጀራ እንኳ ማኘክ አቅቶኝ ነበር። አሁን የራስ ቁርና መነጽር ሳላደርግ አልወጣም፤ ልጆችንም ከፊት አላስቀምጥም።

የያዝከውን እዚያው ግደለው። በሕይወት እያለ ወደ ሌላ ቦታ አታጓጉዘው፤ ሌላ ወንዝ ከገባ የአገሩን አሳ ምግብ ይሻማል።

ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፣ እሾሁ ግን ብዙ ነው። አድቅቀህ ከትፈህ በሚጥሚጣና በቃሪያ የአሳ ዱለት ሥራው፤ በጣም ይጥማል።