ጠላ የሌለበት ማኅበር ፍለጋ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። አናጢ ነኝ። ጠዋት ማርከሻ ካላገኘሁ እጄ ሚስማር አይይዝም። አረቄ ቤት ገብቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ የመጀመሪያዋን መለኪያ በሁለት እጄ ነው የማነሳት። ሁለተኛዋ ላይ እጄ ይረጋል።

ባለፈው ጾም «በቃ» ብዬ በአንዴ አቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ላብ በላብ ሆንኩ፤ ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ይታየኝ ጀመር። ፈርቼ ተመለስኩበት። ቀደም ሲል፣ እንዲህ ሳይብስብኝ፣ ጸበል ገብቼ ደህና ሆኜ ነበር። ስመለስ ጓደኞቼ «አንዲት ብቻ» አሉኝና አገረሸብኝ። እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ ዛሬም ቤታችን ጋን አይጠፋም።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ጠጪዎች ተሰብስበው እየተነጋገሩ መጠጥ የሚያቆሙበት ስብሰባ አለ አለችኝ። ጎንደር ውስጥ የት አገኛለሁ? ባገኝስ፣ ሰው ሁሉ በሚያውቀኝ ከተማ እንዴት ብዬ ገብቼ እቀመጣለሁ?

ከአዘዞ

መልስ

ወንድሜ፣

ከስብሰባው በፊት ስለዚያች ሁለተኛ ቀን ላውራህ፤ አስደንግጣኛለች። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ያለበትን እስኪስት የሚያቃዥ፣ ካልታከመ የሚገድል ሕመም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ እባክህ፣ ዳግመኛ ብቻህን በአንዴ እንዳታቆም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ ሂድ። በቀን ስንት መለኪያ እንደምትጠጣ፣ ጠዋት እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር እንዳየህ ሳትቀንስ ንገራቸው። ሰው ለሐኪም ሲናገር ግማሹን ይደብቃል፤ ሕክምናው ግን የሚወሰነው በምትነግራቸው ነው። መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ጸበሉን ተው አልልህም፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ብቻ ከመግባትህ በፊት ሐኪም ይይህ።

አሁን ወደ ስብሰባው። የአክስትህ ልጅ የነገረችህ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ የሚባለውን ይመስለኛል። አጀማመሩን ልንገርህ፤ ይጠቅምሃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለሥራ ወደ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበር። ሥራው ከሸፈ። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ በአንድ በኩል መጠጥ ቤቱ ደምቋል፣ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ልቡ ወደ መጠጥ ቤቱ እያለ ስልኩን አነሳ። በሰው በሰው አፈላልጎ እንደሱ መጠጥ የጎዳውን ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ። ለሰዓታት አወሩ። ኤኤም የተመሠረተበትን ቀን የሚቆጥረው ቦብ የመጨረሻውን መጠጥ ከጠጣበት ከጁን 10፣ 1935 ነው። ያኔ አዳራሽ አልነበራቸውም። ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የአባልነቱ መስፈርት አንድ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። ክፍያ የለውም። የራስህ ስም ይበቃል፤ የአባት ስም አትጠየቅም። ካልፈለግህ ሳትናገር አዳምጠህ ትወጣለህ። በኢንተርኔት በቪዲዮ የሚካሄዱ፣ በስልክህ የምትገባባቸው የእንግሊዝኛ ስብሰባዎች ቀንም ሌሊትም አሉ፤ ካሜራህን ዘግተህ መግባት ትችላለህ። እንግሊዝኛው ከከበደህ ለማንም ክፍት ከሆኑት ስብሰባዎች አንዱን መርጠህ፣ የአክስትህ ልጅ አብራህ ገብታ ታስረዳህ።

እዚያው ጎንደር ደግሞ፣ ሆስፒታል ስትሄድ መድኃኒት ብቻ ተቀብለህ አትውጣ። «መጠጥ ያቆመ፣ ከእኔ ጋር ለማውራት ፈቃደኛ የሆነ ታካሚ ካለ አገናኙኝ» በላቸው። ጸበል ላይ ከተዋወቅኸው ሰውም ካለ ደውልለት። አንድ ሰው ካገኘህ ጀምሩ። የማኅበርን ወግ እኔ ለአንተ አልነግርህም፤ ቀኑ ይታወቃል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል። ጠላውን አውጡና ቡና አግቡበት፤ በወር የነበረውን በሳምንት አድርጉት። ቦታው ከሰፈርህ ራቅ ይበል፤ አንተ ከአዘዞ ከሆንክ ማራኪ አካባቢ ተገናኙ። የሰማችሁትንም እዚያው ትታችሁ ውጡ።

ሰው ያየኛል ያልከው ይገባኛል፤ እኛ አገር ስም ከባድ ነው። ነገር ግን እዚያ የምታገኘው ሰው አንተን ባመጣህ ጉዳይ ነው የመጣው። አንተ የምትፈራውን እሱም ይፈራል። አረቄ ቤት ስትገባ የሚያዩህ ደግሞ ከዚህ ይበዛሉ።

እናትህን ጠላ መሸጡን ተይው አትበላት፤ እንጀራዋ ነው። መታከም መጀመርህን ግን ራስህ ንገራት። «እስቲ ቅመሰው» እንዳትልህ፣ ለደንበኛ ቅዳ ብላ እንዳታዝህ ለምናት። ጋኑም አንተ ከምትተኛበት ክፍል ይውጣ። ጠላ በሚጠመቅበት ሰሞን ሌላ ዘመድ ቤት ብታድር ደግሞ ይሻላል፤ ሽታው ብቻ ያስቸግርሃል።

ይህን የምታነቡ የጎንደር ሰዎች፣ መጠጥ ያቆማችሁ ወይም ለማቆም የምትታገሉ ካላችሁ ጻፉልኝ። የማንንም ስም አላወጣም። ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ብቻ ከዚህ ወንድማችን ጋር አገናኛችኋለሁ።