ከደብረ ብርሃን ወደ አሳል ለምትወርዱ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ከደብረ ብርሃን በመኪና ወደ ጅቡቲ ልትወርዱ ነው። አሳል ሐይቅንና ጉቤት የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ልታዩ፣ ፍል ውሃው ውስጥ ልትነከሩ፣ ለአንዱ ጓደኛህ እናት ደግሞ ለቁርጥማታቸው በጀሪካን ልታመጡላቸው አስባችኋል። እኛም አራት ሆነን በኅዳር መጨረሻ ሄደናል። ያየሁትን ልንገርህ።

ከመነከሩ ልጀምር። አሳል ዳር ያለው ፍል ውሃ አይነከሩበትም። እኛ ፍል ውሃ ሲባል ትዝ የሚለን ገንዳ፣ ፎጣና ተራ መጠበቅ ነው። እዚያ ያለው ግን ከጥቁር ድንጋይ ስር ዝም ብሎ የሚወጣ ውሃ ነው፤ አጥር የለው፣ ምልክት የለው። አንዱ ጋ ለብ ያለ ነው። ሁለት እርምጃ አለፍ ስትል ቆዳ ይልጣል። በዓይን አይለይም።

ከመካከላችን አንዱ ፎቶ ሊነሳ ብሎ መሪያችን ከረገጡበት መስመር ወጣ። ነጭ ቅርፊት ነው፣ ደህና መሬት ይመስላል። ቅርፊቱ ጧ አለና ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ጫማው በፍል ውሃ ተሞላ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጫማውን ጎትተን ስናወልቅ ካልሲው ይጨስ ነበር። መሪያችን የአፋር ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከመኪናው ጀሪካን አወረዱና ውሃውን በቀስታ ያፈሱበት ጀመር። ሃያ ደቂቃ ያህል አላቆሙም። አንዱ ጓደኛችን የጥርስ ሳሙና ሊቀባው ሲል እጁን ያዙት። ልክ ነበሩ። ለተቃጠለ ሰው መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ፣ ቅቤም ሳሙናም ሳይቀቡ። ቀጥሎ ወደ ሐኪም።

ያ ጀሪካን ግን የምንጠጣው ነበር። ፀሐይ አናት ላይ፣ ውሃው ግማሽ፣ አንድ ሰው ታሞብናል። የታጁራን ከተማ ሳናይ በዚያው ተመለስን። ስለዚህ አደራ የምልህ ስለ ውሃ ነው። እዚያ አገር የሚታይ ውሃ ሞልቷል፣ የሚጠጣ የለም። ከምትጠጡት ሌላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያዙ፤ ለመታጠቢያና ለአደጋ ብቻ ይሁን፣ ማንም አይንካው።

ሐይቁ ራሱ ውስጥ መግባት ይቻላል። ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ስለሆነ ሰውነትህን አንስቶ ያንሳፍፈዋል። ጢሙን የዚያን ቀን የተላጨ ሰው ግን ይንገበገባል። ዓይን ውስጥ ከገባማ አትጠይቀኝ። ዳሩ ላይ ያለው ጨው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፤ የላስቲክ ጫማ ሳታደርጉ እንዳትገቡ። ስትወጡ ቶሎ ካልታጠባችሁ ጨው ገላችሁ ላይ ይጋገራል።

ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ ብትል፣ መሬቱ እየተቀደደ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የምታየው ዝቅታ የዚሁ ስምጥ ሸለቆ አካል ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ በኩል አዲስ አበባ ድረስ የተሰማውን መንቀጥቀጥ ታስታውሳለህ፤ ያም ከዚሁ የመጣ ነው። እነ አሳል ጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል ፈንድቷል። ድንጋዩ ዛሬም የትናንት ይመስላል። የባሕሩ ውሃ ከጉቤት ተነስቶ በዚያ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ስር እየሾለከ ወደ አሳል ይወርዳል፣ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነውና። መንገድ ላይ ትኩስ ድንጋይ ያገኘዋል። ፍል ውሃው ጨው ጨው የሚለው ለዚህ ነው።

ቀን ካላችሁ አቤ ሐይቅን ጨምሩበት። በዲኪል ከተማ በኩል ነው የሚገባው። ፍል ውሃ ድሮ ከሐይቁ ስር ሲወጣ የገነባቸው የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፤ ረጃጅሞቹ ወደ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ማለዳ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዋሽ የሚያልቀው እዚያ ነው። የኛ ሮቢ፣ የኛ ከሰም ሁሉ አዋሽ ገብተው መጨረሻቸው እዚያ ነው። ሸዋ ሮቢት ድልድዩ ላይ ቆሜ ያየሁት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

መንገዱ በደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰመራ አድርጎ ድንበሩ ጋላፊ ይወጣል። ጸጥታውን በዚያው ሳምንት ከሹፌሮች አጣሩ። ካልሆነ በአዲስ አበባና በአዋሽ ዙሩ፣ ወይ በባቡሩ ሂዱ። በአንድ ቀን እንደርሳለን ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እስከ አሳል ስትወርዱ ወደ 3,000 ሜትር ልዩነት ነው። የኛ የደጋ ሰው ጋቢውን ጥሎ በአንዴ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ራሱ ይዞራል። ሰመራ እደሩ። ሐይቁ ጋ በማለዳ ድረሱ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ጨርሱ። ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ጥሩ ነው። በክረምት ግን አይሞከርም።

ፓስፖርትና ቪዛ እዚሁ ጨርሳችሁ ውጡ፤ ድንበር ላይ እናስተካክለዋለን አትበሉ። የቢጫ ወባ ካርድም ያዙ። የነሱ ፍራንክ ተመኑ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ። ኑሮው ውድ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ከሆነ ደግሞ በሶና ቆሎ አትርሱ። እኛ በሶውን ከሐይቁ ባነሳነው ጨው በጥብጠን ጠጣን። ያ ጨው ለሸዋ እንግዳ አይደለም። በግመል እየተጫነ አንኮበር አጠገብ ወዳለው አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም ከታጁራ ተነስቶ በዚያው በአሳል በኩል ነው አንኮበር የገባው። እናንተ የምትሄዱበትን አቅጣጫ እሱ በተቃራኒው መጥቶበታል።

የጓደኛህን እናት በተመለከተ፣ ውሃውን በጀሪካን አታምጡላቸው። ለቁርጥማት የሚያስታግሰው ሙቀቱ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ሐይቁ ዳር አፋሮቹ የሚሸጧት ድብልብል ጨው አለች፣ ማዕበሉ ራሱ ያንከባለላት። እኔ ለእናቴ አንድ ይዤላት መጣሁ። በመዳፏ አገላብጣ አየቻትና ወጥ ውስጥ አልጨምራትም ብላ መስኮቷ ላይ አስቀመጠቻት። እስካሁን እዚያው አለች።