ባሕር ዛፉ ለምን ተሰነጠቀ? ደግሞስ ጣዖት ነው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ እንጨት እየቀረጽኩ ለቱሪስት እሸጣለሁ። አሜሪካ ያሉት ሆፒዎች የሚሠሩትን የካትሲና አሻንጉሊት በፎቶ አይቼ በባሕር ዛፍ ሞከርኩት። ከአናቱ እስከ ደረቱ ተሰነጠቀ፤ ቀለሙም ተላጠ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ጣዖት ጀመርክ እንዴ?» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለጎረቤቶችዎ የሚነግሩት ይኸውልዎ። ሆፒዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ሲሆኑ፣ በአሪዞና ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ በሦስት አምባዎች ላይና ግርጌ የሚኖሩ በቆሎ አብቃዮች ናቸው። ካትሲና የሚሉት መንፈሱን ነው፤ ዝናብ ያመጣል፣ የዓመቱን እኩሌታ ያህል አብሯቸው ሰንብቶ በሐምሌ ፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ ወዳሉት የሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች ይመለሳል ብለው ያምናሉ። የሚቀረጸው «ቲሁ» ይባላል፤ አይሰገድለትም። በየካቲትና በሐምሌ ሥርዓቶች ጭምብል የለበሱት ጨፋሪዎች ለሴት ልጆች ይሰጡታል። ቤት ውስጥ ይሰቀላል፣ ልጅቱም እያየች የእያንዳንዱን ካትሲና ማንነት ትማራለች። ለጨቅላዋ የሚሰጠው እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ነው። ቀለሙም እንዲያው ለጌጥ አይደለም፦ ቢጫ ሰሜን ምዕራብን፣ ሰማያዊ ደቡብ ምዕራብን፣ ቀይ ደቡብ ምሥራቅን፣ ነጭ ሰሜን ምሥራቅን ያመለክታል።

ወደ ስንጥቁ እንምጣ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል፤ ቃጫውም ጠምዛዛ ነው። ሆፒዎች ግንድ ትተው ወንዝ ዳር ከሚበቅል የፖፕላር ዓይነት ዛፍ የደረቀ ሥር ይፈልጋሉ፤ ቀላል ነው፣ ለሰንጢ ይታዘዛል። እርስዎ ዘንድ ቅርቡ ኮርች ነው። እንደተቆረጠ ልጡን ይላጡት፤ ከዘገየ ነቀዝ ይገባዋል። ሁለቱን ጫፎች በሰም ይድፈኑ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በየሳምንቱ ይመዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ድቡልቡሉን እንዳለ አይቅረጹ፤ ለሁለት ሰንጥቀው እምብርቱን ያውጡ። ላይኛው ሲኮማተር መሀሉ እምቢ ስለሚለው ነው የእርስዎ ከአናቱ የተከፈተው። ወደ ጎን የሚዘረጋ ክንድና ጆሮ ከግንዱ ጋር ከተቀረጸ በቃጫው አቋራጭ ቀጭ ይላል፤ ለብቻው ቀርጸው በእንጨት ችንካርና በኮላ ያያይዙት።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሆፒዎች መጀመሪያ በነጭ ሸክላ አፈር ይቀቡታል። እርስዎም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ዱቄቱን ጠርገው፣ ጀሶ በኮላ ውሃ በጥብጠው ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ። ኮላው ከበዛ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ በጣት ሲነኩት ይቦናል። ዘይት የነካው እንጨት ግን ጀሶውን በደንብ አይዝም።

«የሆፒ ካትሲና» ብለው መሸጡን ይተዉት። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያልሆነን ነገር የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥራ ነው ብሎ መሸጥን ወንጀል አድርጎታል፤ ሕጉ ባይኖርም የሰው እምነት ነው። ብልሃቱን ግን ይውሰዱ። ለምሳሌ የንስር ላባ መሸጥ ስለተከለከለ ቀራጮቹ ላባውን ራሱን ከእንጨት ያወጡታል፦ ስስ ፍላጭ ይወስዳሉ፣ መሀሉን እንደ አከርካሪ ከፍ አድርገው ይተዋሉ፣ ጎንና ጎኑን በሰንጢ ጫፍ በሰያፍ ይጭሩታል። በኮርች ይሞክሩት፤ ሰንጢው ካልተሳለ ግን ጭረቱ ይቦጨቃል።