ለአባትዎ ሳሎን አትሞስ ወይስ ሁለት ስፒከር?

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሜክሲኮ አካባቢ ባለው አፓርታማዎ አባትዎ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል የድሮ ዘፈኖችን በትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ያዳምጣሉ። እርስዎ የአፕል ሙዚቃ ደንበኝነት አለዎት። ለእርሳቸው ስጦታ ለመግዛት አስበው፣ «ሎስለስ» የሚባለው በእርግጥ ልዩነት ያመጣ እንደሆነ፣ የሚገዛውስ ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከዙሪያና ከላይ የሚያሰማ ዘዴ) ያለው ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር ይሁን ወይስ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ብለው ጠይቀዋል። መልሴን አስቀድሜ ልስጥ፦ ሁለቱን ስፒከሮች ይግዙ፤ ሎስለሱን በዋይፋይ ብቻ ይጠቀሙበት፤ አትሞሱን ይተዉት። እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ስለነበረ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ሎስለስ ማለት ሲጨመቅ ከድምፁ ምንም የማይጣልበት ፋይል ነው፤ ሲከፈት ለአገልግሎቱ ከተሰጠው ቅጂ ጋር አሐዝ በአሐዝ እኩል ይሆናል። የተለመደው የአፕል ሙዚቃ ፋይል በሴኮንድ 256 ኪሎቢት የሚይዝ ሲሆን፣ ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተው ክፍል ተቀንሶለታል። ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። አፕል ሎስለስን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማቅረብ የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ሲሆን፣ ስፖቲፋይ ደግሞ ለከፋይ ደንበኞቹ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሯል። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄው የደንበኝነት ዋጋ ሳይሆን ድምፁ እስከ ጆሮ ድረስ ሳይጎድል መድረሱ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሙከራ ልንገርዎት። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አንድን ዘፈን አንዴ በ256 ኪሎቢት፣ አንዴ በሎስለስ እያቀያየረ ሲያጫውት፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንድገምት ተስማማን። የድምፁን ከፍታ አልነካንም። ሃያ ጊዜ ሞክረን በትክክል የለየሁት 11 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ዘውድና ጎፈር ጥዬ ብገምት ከማገኘው የሚለይ ውጤት አይደለም። በሌላ ቀን ግን ያንኑ ዘፈን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ከኖረ የ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ጋር ስናነጻጽረው አንዱንም አልሳትኩም፤ ሲምባሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የማሲንቆው ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅም ይጠፋል። ከዚህ የተረዳሁት ትልቁ ልዩነት ያለው በመጥፎ ፋይልና በደህና ፋይል መካከል እንጂ በደህናውና በሎስለሱ መካከል አለመሆኑን ነው። አባትዎ እስካሁን የሚያዳምጡት እንዲህ ያለ የተገለባበጠ ቅጂ ከሆነ፣ ዘፈኖቹን ከደንበኝነትዎ ላይ ፈልጎ መተካት ብቻውን ትልቅ ስጦታ ነው።

ብሉቱዙን በተመለከተ፣ አይፎን ወደ ብሉቱዝ ስፒከር ድምፅ ሲልክ እንደገና ጨምቆ ስለሚልከው፣ ሎስለስ ማብራትዎ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም። ገመድ ያስፈልጋል። ከስልኩ ወደ አምፕሊፋየሩ ለሚሄደው ገመድ የአፕል ትንሿ የጆሮ ማዳመጫ አስማሚ ትበቃለች፤ እስከ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ድረስ ታስተላልፋለች (ቢቱ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ፣ ኪሎኸርዙ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ይናገራል)። ከዚያ በላይ ያለውን፣ እስከ 192 ኪሎኸርዝ የሚደርሰውን ደረጃ ለማጫወት የተለየ ዳክ (አሐዙን ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ) መግዛት ይኖርብዎታል፤ እኔ ግን አልመክርም። የሲዲው 44.1 ኪሎኸርዝ ልኬት የግማሹን ያህል፣ ማለትም ቅጥነቱ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እንኳ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፤ ይህም በዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል። ለአባትዎ የሚጨምርላቸው ነገር የለም።

የዳታው ወጪ ግን ሊሰላ ይገባዋል። አፕል ራሱ በሰጠው አኃዝ መሠረት የሦስት ደቂቃ ዘፈን በተለመደው ጥራት 6 ሜጋባይት፣ በ24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ ሎስለስ 36 ሜጋባይት፣ በ192 ኪሎኸርዝ 145 ሜጋባይት ይወስዳል። አባትዎ በቀን ሁለት ሰዓት የሚያዳምጡ ከሆነ፣ በ30 ቀን የመጀመሪያው 7 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው 43 ጊጋባይት፣ ሦስተኛው 174 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በሞባይል ጥቅል ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በስልኩ የሙዚቃ ቅንብር ውስጥ «የድምፅ ጥራት» በሚለው ስር ለሞባይል ዳታ የተለመደውን ጥራት፣ ለማውረጃ ደግሞ ሎስለስን ይምረጡና የሚወዷቸውን ዘፈኖች በቤት ዋይፋይ አውርደው ያስቀምጡላቸው። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ምሽትም ሙዚቃቸው አይቋረጥም።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ ምንጭ ልምጣ፤ ከሁሉም ይልቅ የምቆረቆርለት ይህ ጉዳይ ነውና። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ካቋቋሙበት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የዚያ ዘመን ዘፈኖች ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ በጥቂት ማይክሮፎኖች የተቀረጹና በትንንሽ ሸክላዎች የታተሙ ናቸው፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የካሴት ዘመን ነው። ዛሬ በአገልግሎቶቹ ላይ ከሚገኙት መካከል ከጥሩ ምንጭ በጥንቃቄ የተዘጋጁ አሉ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፈረንሳይ መታተም የጀመረው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ለዚህ ምሳሌ ነው። ካረጀ ካሴት ላይ በችኮላ የተገለበጡም ሞልተዋል። በሎስለስ የቀረበ የካሴት ግልባጭ የካሴቱን ሽውታ በታማኝነት ያደርስልዎታል፤ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ አንድ ዘፈን በሁለትና በሦስት አልበም ውስጥ ተደግሞ ሲያገኙት ሁሉንም ያዳምጡና በጆሮዎ ይምረጡ፤ የጥራቱ ምልክት ይህን አይነግርዎትም።

አትሞስን የማልመክረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አትሞስ በአንድ ሥራ ውስጥ እስከ 128 የሚደርሱ ድምፆች ተለያይተው በዙሪያና በጣሪያ አቅጣጫ እንዲቀመጡ ያስችላል፤ ይህም ድምፃዊው፣ ሳክስፎኑና ከበሮው በየራሳቸው ትራክ መኖራቸውን ይጠይቃል። ባንዱ በአንድነት ከተቀረጸ ግን ለይቶ የሚያስቀምጥ ነገር የለም። ስልኩ ስቴሪዮን ወደ ዙሪያ ድምፅ እቀይራለሁ ሲልዎትም የሚያደርገው በስሌት ማስፋት ብቻ ነው፤ በእኔ ጆሮ የድምፃዊውን ቅርበት ይወስዳል። ሌላም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ሁለቱ አብረው ስለመጡ አትሞስ ሎስለስ ይመስላቸዋል። በአፕል ሙዚቃ የሚተላለፈው አትሞስ ቢበዛ በሴኮንድ 768 ኪሎቢት የሚሆን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ነው፤ እርሱም ተቀንሶለት የተጨመቀ ነው።

እኔ ሳውንድባር የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ በአሮጌ ቤት ስኖር ነው። ሻጩ በኦፕቲካል ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶልኝ ሄደ። ወራት ካለፉ በኋላ ነው ኦፕቲካል ገመድ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስን ማስተላለፍ እንደማይችል፣ አርክ (ARC) በተጻፈበት፣ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ በሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መገናኘት እንደነበረበት የተረዳሁት። ያንን ካስተካከልኩ በኋላም ከላይ የሚመጣ ድምፅ አልነበረም፤ እነዚያ መሣሪያዎች ድምፁን ወደ ላይ ተኩሰው ከጣሪያ ላይ አንጥረው ነው የሚመልሱት፣ የእኔ ኮርኒስ ግን አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ድምፅ አይመልስም። ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስዛወር ኮንክሪቱ ጣሪያ በትክክል መለሰው፤ ፊልም ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለሙዚቃ ግን ወደ ሁለቱ ስፒከሮች ተመለስኩ።

ስፒከሮቹን ሲገዙ ከበጀትዎ ትልቁን ድርሻ ለእነርሱ ይስጡ፤ አምፕሊፋየሩ ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን አባትዎ የሚያውቁትን ዘፈን በስልክዎ ይዘው ሄደው ያስሞክሩ፤ የድምፅ መጨመሪያውን ቀስ ብለው ሲያዞሩት የሚንኳኳ ወይም አንዱን ጎን የሚያጠፋ ከሆነ ይለፉት። ቤት ሲደርሱ ሁለቱንም ቡፌ ላይ ጎን ለጎን አያስቀምጧቸው፤ አብዛኛው ሳሎን የሚበላሸው በዚህ ነው። ከአባትዎ ወንበር ጋር ሦስት እኩል ጎን እንዲሠሩ አድርገው በተቀመጡበት የጆሮ ከፍታ ላይ ያቁሟቸው፤ ከግድግዳውም ትንሽ ያርቋቸው። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ በስፒከሮቹና በወንበሩ መካከል ምንጣፍ ይንጠፍ፤ መስኮቱም ወፍራም መጋረጃ ይኑረው። በእኔ ሳሎን ከማንኛውም ፋይል ይልቅ ለውጥ ያመጣው ያ ምንጣፍ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፕሊፋየሩን እንዳይጎዳው ከግድግዳው በዲቫይደር ብቻ አይሰኩት፤ ስታቢላይዘር ይግዙለት፤ መብራቱ ሲሄድም ማብሪያውን እንዲያጠፉት አባትዎን ያስረዷቸው።